ቱሉ ዲምቱ ማንሃተን አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዱ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። አንዷ ከኳየራችን ናት። ሦስተኛው ፓስተራችን ናቸው፤ «አንብበውና እናወራለን» ብለው ላኩልኝ። ሦስት ሰው ከላከው ነገር አለው ብዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

ጽሑፉ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ጸሐፊው በአገልግሎት የቆዩ ወንድም ናቸው፤ አጻጻፋቸውም ያምራል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። የከተማው ዳር እንደ አውሮፓ ዓለማዊ ሆኗል፤ የኮንዶሚኒየሙ ሰው እሁድን ለእግዚአብሔር መስጠት ትቷል። ስለዚህ የቤት ለቤት ምስክርነቱና ረጅሙ ስብከት ጊዜው አልፎበታል። በምትኩ አጭር ፕሮግራም፣ ቡና፣ ጥሩ ሙዚቃ፣ ግማሽ በግማሽ እንግሊዝኛ ይሁን። አዲስ የሚተከል አጥቢያ የተማረውን ወጣት ብቻ ያነጣጥር። እንደሚሠራ ማስረጃው በየመንገዱ የበዛው የአዳራሽ ታፔላ ነው። የጎደለን በጀት ብቻ ነው። ለአርአያነት የሚጠሩት ደግሞ አሜሪካዊው ፓስተር ቲም ኬለር በኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ የተከሉትን ቤተክርስቲያን ነው።

እኔ የምኖረው እዚያው አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ፣ በኪራይ። እንጀራዬ ሂሳብ ሥራ ነው። ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ሆነን እዚሁ አንዲት አጥቢያ ስንተክል ከመጀመሪያው ቀን ነበርኩበት፤ ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ መዝገብም ይዣለሁ። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ። ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ።

ከእሁዱ ልጀምር። ጸሐፊው አንድ እሁድ ጠዋት በብሎኮቹ መሃል ዞረዋል። ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ፣ ወንዶች በርሜል ሲያንከባልሉ፣ ወጣቶች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ አዩ። ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄድ ሰው ጥቂት ሆነባቸው። «አውሮፓ ደጃችን ደርሳለች» ብለው ጻፉ።

አውሮፓ ምን እንደሆነች በቁጥር እንይ። በእንግሊዝና ዌልስ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2011 ክርስቲያን ነኝ ያለው ከመቶ 59.3 ነበር። በ2021 ወደ 46.2 ወረደ። «ሃይማኖት የለኝም» ብሎ የሞላው ደግሞ ከ25.2 ወደ 37.2 ወጣ። ዓለማዊነት ማለት ይሄ ነው። ሰው ቅጹን አንስቶ፣ አስቦ፣ «የለኝም» ይላል።

ወደኛ ስንመጣ፣ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ ኦርቶዶክሱ 74.7፣ ሙስሊሙ 16.2፣ ፕሮቴስታንቱ 7.8 በመቶ ነበር። ሦስቱን ደምሩት። ከ98 ያልፋል። ቆጠራው አሮጌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተካሄደም። እሺ፣ ቆጠራውን እንተወው። በኛ ደረጃ ውጡና በሮቹን እዩ። አንዱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። አንዱ ላይ የቁርአን ጥቅስ አለ። አንዱ ላይ «እኔና ቤቴ ግን እግዚአብሔርን እናመልካለን» ተሰቅሏል። ምንም ያልተለጠፈበት በር የኔ ነው፤ እሱም አከራዬ ምስማር እንዳልመታ ስላስጠነቀቁኝ ነው።

ታዲያ ሰዉ እሁድ የት ሄደ? ውሃ ሊቀዳ። እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። የኛ ብሎክ ፈረቃ ብዙ ጊዜ እሁድ ጠዋት ላይ ይወድቃል። የሳምንቱ ልብስ፣ የሳምንቱ በርሜል፣ የሳምንቱ ገላ ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው። ጎረቤቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት ትገባለች። ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ልጆቿን ነቅተው የምታያቸው እሁድ ነው። የድሮ ቤተክርስቲያኗ ጉለሌ ናት፤ ለመድረስ ሦስት ታክሲ። ወደዚህ እንደመጣች የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት በወር አንዴ። አሁን መዝሙር ከፍታ ልብስ ታጥባለች። ጸሐፊው ያዩት እሷን ነው። ጠጋ ብለው ቢሆን መዝሙሩን ይሰሙት ነበር።

«ዓለማዊነት አዲስ ጠላታችን ነው» የሚለውም አልተዋጠልኝም። ከ1966 እስከ 1983 በዚህ አገር የነበረውን ረሱት ልበል? በመንግሥት ደረጃ ማርክሲዝም የተሰበከበት፣ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራበት ዘመን ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም ታፍነው ተገደሉ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በ1974 ዓ.ም ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየሰው ሳሎን፣ በጥቂት በጥቂት ሰው፣ በሹክሹክታ ቆዩ። ደርግ ወድቆ ወደ አደባባይ ሲወጡ ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ።

እርግጥ ያ ዘመንና ይሄ ዘመን አንድ አይደሉም። ያኔ የሚከለክልህ ነበረ፤ የተከለከለ ነገር ደግሞ ይጣፍጣል። ዛሬ ማንም አይከለክልህም። ድካም ብቻ ነው። ድካም የሚያዳክመው ካድሬ ከሚያዳክመው ይብሳል ብሎ የሚከራከረኝ ካለ እሰማዋለሁ። ግን ስሙ ድካም ነው፣ ክህደት አይደለም። መድኃኒቱም ይለያል። ለደከመ ሰው ስለ እግዚአብሔር መኖር ትምህርተ ክርክር ብታዘጋጅለት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ስለ ወጣቶች ያነሱት ግን አለ፤ እሱን እቀበላለሁ። ጥያቄ ያላቸው ልጆች አሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከወጣቶች ኅብረታችን ቀረ። አግኝቼው «ምነው ጠፋህ?» ስለው አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ለእናቱ የተናገረውን ነገረኝ። በቀኑ የተነገረ ትንቢት ነበር። ቀኑ አለፈ። እናቱ ከእቁብ ያወጣችውን ብር ሰጥታ ነበር። «ጋሼ፣ እግዚአብሔርን አልተጣላሁም፤ እናንተን ነው የማላምናችሁ» አለኝ። ምን ልመልስለት? ጸሐፊው «የወጣቱ ጥርጣሬ ከምዕራብ በኢንተርኔት መጣ» ይላሉ። የዚህ ልጅ ጥርጣሬ የመጣው ከኛው መድረክ ነው። እንደኔ ከሆነ የኢንተርኔቱ ይቀላል። የእናቱን ብር ማን ይመልስላት?

አጭር ፕሮግራምና ቡና የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ስብከት ይጠር፤ እስማማለሁ። የኛ ፓስተርም ይህን ቢያነቡ አልከፋም። ሞንታርቦውም ይቀነስ። አንድ ቅዳሜ የአዳር ጸሎት ላይ ሆነን፣ ከታች ቤት የምትኖር ነርስ በነጠላ ተጠቅልላ መጣች። የማታ ተረኛ ነበረች፤ ገና መግባቷ ነው። «እናንተ ለኔ ትጸልያላችሁ፣ እኔ ግን ልተኛ አልቻልኩም» አለች። ከዚያ ወዲህ አዳር ስንጸልይ ሞንታርቦው አይከፈትም። ጥፋቱ የኛ ነበር። ቡናውን ግን ተዉን። እስከ በረካ ድረስ ቁጭ ብሎ ቡና ለሚጠጣ ሕዝብ በወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ «እንግዳ ተቀባይ እንሁን» ማለት ያስቃል።

እንግሊዝኛው ግን አያስቅም። ቱሉ ዲምቱ ምን ማለት ነው? ቀዩ ኮረብታ። ኦሮምኛ ነው። ከግቢያችን አጥር ማዶ ያሉት ሰዎች ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት እዚሁ ያረሱ ናቸው። ወተት የሚያመጡልን፣ በግ የሚሸጡልን እነሱ ናቸው። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ አጥር ተደግፈን፣ ሁለተኛ ቋንቋ ስንመርጥ እንግሊዝኛ ይታየናል። የኛም አጥቢያ ንጹሕ አይደለችም። የመጀመሪያውን የኦሮምኛ መዝሙር የዘመርነው በሁለተኛው ዓመታችን ነው። እሱንም ወተት የሚያመጡልን እናት «ለምን በኛ አትዘምሩም?» ስላሉን።

አሁን ወደ ታፔላው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነውና። ጸሐፊው ከአደባባዩ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ላይ የአዳራሾቹን ታፔላ ቆጥረዋል። ብዛቱን የእድገት ማስረጃ አድርገውታል።

እኔ የአባላት መዝገብ ያዥ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ስንዘጋ አዳራሻችን ሞልቶ ነበር። ወንበር ጎድሎ ሰው ቆሞ ያመልክ ነበር። ሪፖርት ስጽፍ እጄ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ከየት መጡ?» የሚል። አንዱ ከሳሪስ መሸኛ ይዞ መጣ። ሌላዋ መሸኛ የላትም፣ ግን ከመገናኛ አካባቢ ካለ ቸርች ነው የመጣችው። አንድ ቤተሰብ ከአጠገባችን ካለው አዳራሽ ከፓስተሩ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው። ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወለጋ ለሥራ የመጡ፣ እዚያ ሳሉ አምነው የተጠመቁ ብዙ ናቸው። እስከ ዛሬ እኛ ዘንድ ጌታን የተቀበሉትን ለመቁጠር የአንድ እጄ ጣት በቃኝ። ሁለት ጣት ተረፈኝ።

ገንዘብ ከግራ ኪሴ አውጥቼ ቀኝ ኪሴ ከትቼ «ገቢ» ብዬ ብመዘግብ ኦዲተር ምን ይለኛል?

ይሄን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የቤተክርስቲያን እድገት ጥናት አባት የሚባሉት ዶናልድ ማክጋቭራን፣ ጸሐፊውም ስማቸውን በአክብሮት የጠሯቸው፣ እድገትን በሦስት ይከፍሉት ነበር። ከአባላት ልጆች የሚመጣ አለ። ከሌላ ቤተክርስቲያን በዝውውር የሚመጣ አለ። ከማያምኑት አምኖ የሚመጣ አለ። የኛ ታፔላዎች በአብዛኛው የሁለተኛው ናቸው። የከተማው መሃል ሲፈርስና ሰው ወደ ዳር ሲወጣ አዳራሹም አብሮ ወጣ። መዛወር ነው፤ ጭማሪ አይደለም።

የአገር አቀፉም ቁጥር ይህን ያግዘኛል። ፕሮቴስታንቱ በ1976ቱ ቆጠራ 5.5፣ በ1987ቱ 10.2፣ በ1999ኙ 18.6 በመቶ ነበር። አስደናቂ እድገት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን የት? በያኔው ደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ ነበር። በጋምቤላ ከመቶ 70 ነበር። አዲስ አበባ 8 እንኳ አልሞላም። እድገቱ የገጠርና የትናንሽ ከተሞች ነው። ዛሬ የከተማ ዳር አዳራሻችንን የሞላው በአብዛኛው እነዚያ የዘሩት እህል ነው፤ እኛ አጨድነው እንጂ አልዘራነውም።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፣ ራሴንም ጭምር። ዝውውር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ያቺ ጉለሌ መሄድ ያቃታት ጎረቤቴ አንድ ቀን በእግሯ መጥታ ብትቀመጥ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲዛወር መንገድ ላይ ይጠፋል፤ የሚቀበለው ቤት ያስፈልገዋል። ብቻ ስሙን እንጥራው። «ዓለማዊውን ማኅበረሰብ ደረስን» አንበል።

«የተማረውን ወጣት ብቻ» የሚለው ሐሳብም ከማክጋቭራን የመጣ ነው። እሳቸው ሕንድ ተወልደው፣ እዚያው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሰው የቋንቋ፣ የዘርና የመደብ አጥር ሳይሻገር ማመን ይቀለዋል ብለው አስተዋሉ። ያስተዋሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ይህን ምክር ለኛ አገር፣ ለዛሬዋ ኢትዮጵያ ማምጣት ልብ ይጠይቃል። በአጥር ማነስ ተቸግረን እናውቃለን?

ደግሞ ዕጣ የሚባል ነገር አለ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ጎረቤቱን አልመረጠም። በኛ ደረጃ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የኮሌጅ መምህር፣ የሲኖትራክ ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ ወታደርና እኔ አለን። ሁላችንም በአንድ ደረጃ ጄሪካን ተሸክመን እንወጣለን። ከዚህ መሃል መምህሩን ብቻ ጠርቼ ስብሰባ ልክፈት? ኬለር እ.ኤ.አ. በ1989 ማንሃተን ሲጀምሩ ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የመጡላቸው ሰፈሩ እነሱ የሚኖሩበት ስለነበረ ነው። እሳቸውን እከተላለሁ የሚል ሰው አጠገቡ ማን እንደሚኖር ይመልከት።

የቀረው ገንዘቡ ነው። ጸሐፊው የአንድ ዓመት የአዳራሽ ኪራይ፣ የሙሉ ጊዜ ፓስተር ደሞዝ፣ ሙሉ የድምፅ ዕቃ ሳይሟላ አትጀምሩ ይላሉ። ከውጭ ረዳት ፈልጉ ይላሉ።

የወላይታን ታሪክ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። የውጭ ሚስዮናውያን ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም ነው። በ1929 ጣልያን አስወጣቸው። ሲሄዱ የተጠመቁት ሰዎች መቶ አይሞሉም ነበር። በቋንቋቸው የነበራቸውም የማርቆስ ወንጌልን የመሰሉ ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ጣልያን የጸሎት ቤታቸውን አፈረሰ። መሪዎቹን አሰረ፣ ገረፈ፤ ከእነሱ አንዱ ዋንዳሮ የደረሰበት ግርፋት እስከ ዛሬ ይወራል። ከውጭ ገንዘብ የሚልክ አልነበረም። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ቆያቸው። እነዚያ ገበሬዎች ራሳቸው ስንቅ አዋጥተው ወንጌላውያንን ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ይልኩ ነበር።

የኛን ታሪክ ከዚያ ጎን ማቆም ድፍረት ነው፤ ግን ልናገር። እኛ በገንዘብ ነበር የጀመርነው። ከአንድ ለጋስ ሰው ባገኘነው ስጦታ መጀመሪያ የገዛነው ሞንታርቦና ኪቦርድ ነው። ከዚያ አዳራሽ ተከራየን። ሁለት ዓመት ትራክት፣ የወንጌል በራሪ ወረቀት፣ በተንን። ትራክቶቹን ልጆች ጀልባ እየሠሩ በፍሳሽ ውሃ ላይ ሲነዷቸው አይቻለሁ። አከራዩ ኪራይ ሲጨምሩብን ለመዝጋት ተቃርበን ነበር።

ከዚያ ከጎኔ ያሉት ጎረቤት እናታቸው ሞቱ። ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ነው። ተከራይ ናቸው፣ ከመጡ ስድስት ወር አልሞላቸውም። እድራቸው በድሮ ሰፈራቸው ቀርቷል፤ ድንኳኑ እስኪመጣ ቀኑ ሊመሽ ነው። አሳንሰር የለንም። የሬሳ ሳጥን በዚያ ጠባብ ደረጃ ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ ያየ ያውቀዋል፤ በየመታጠፊያው ማቆም አለ። የኅብረታችን ወንዶች አወረድን። የአዳራሹን ፕላስቲክ ወንበር በሙሉ አመጣን። ያን ቀን ውሃ አልነበረም፤ ልጆቻችን በጄሪካን አመላለሱ። ሴቶቹ ሦስት ቀን ወጥ ሠሩ። ካህናቱ ሥርዓታቸውን ፈጸሙ። ከኛ ማንም አልሰበከም። አንድ ወንድም ትራክት ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ባለቤቴ እጁን ያዘችው።

ያ ቤተሰብ ዛሬም ኦርቶዶክስ ነው። ለበዓል ዳቦ ይልኩልናል። ግን የጥበቃ ሠራተኛው በወሩ መጥቶ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በጣቴ ከቆጠርኳቸው አንዱ እሱ ነው። የብሎካችን እድር ሲቋቋም ደግሞ ጸሐፊ አድርገው የመረጡት እኔን ነው። «ጴንጤ እድር አይገባም» ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሞንታርቦው አሁን ደረጃ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሰርግ ያለበት ሰው ይዋሰዋል።

ጸሐፊውን ብናገኛቸው ደስ ይለናል። ከሳሪስ ቀጥታ ታክሲ አለ። ቢመጡ ግን ጠዋት አይልፉ፤ ማንንም አያገኙም። አምልኮውን ወደ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አዙረነዋል። ጠዋቱን ለውሃው ለቀንለት።